ሚዛኑ የማን ነው? (ስለ ዓለም የቁንጅና ውድድር የቀረበ አጭር ጥናት)

ይህን ርእስ ያየ አንባቢ «የተማሪዎች ማኅበር መጽሔት ስለ ቈንጆዎች ውድድር የሚጽፈው ሌላ ቁም ነገር አጥቶ ነውን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው የሚገባ ስለ ሆነ መልሱን አስቀድመን እንሰጣለን። ሚሊዮኖች የሚመለከቱት፣ ኩባንያዎች የሚያተርፉበት፣ መንግሥታት የተከራከሩበት፣ አንድ ጊዜም ከ200 በላይ ሰዎች ሕይወት የጠፋበት ነገር «ተራ ጨዋታ ነው» ተብሎ አይታለፍም።

ነገሩም ከእኛ ሩቅ አይደለም። ሜይ 31 ቀን 2025 በሕንድ አገር በሃይደራባድ ከተማ በተደረገው የዓለም ቈንጆ ምርጫ ከ108 ተወዳዳሪዎች መካከል የኢትዮጵያዋ ወይዘሪት ሐሴት ደረጀ ሁለተኛ ሆናለች፤ አንደኛነቱን የወሰደችው የታይላንዷ ወይዘሪት ኦፓል ሱቻታ ናት። እንዲህ ያለ ወሬ በተሰማ ቁጥር ሰው በሁለት ወገን ይከፈላል። አንደኛው ወገን «የአገራችን ስም ተጠራ» ብሎ ደስ ይለዋል። ሁለተኛው ወገን «ሴት ልጅ እንደ ሸቀጥ ተመዝና ሁለተኛ ወጣች ማለት ምን ክብር አለው?» ብሎ ይቈጣል። በእኛ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች ከእውነቱ ከፊሉን ይዘዋል። የቀረውን ለማግኘት አንድ የታወቀ ምሳሌ መመርመር ይጠቅማልና፣ በ1970 በለንደን ከተማ የተደረገውን ውድድር መርጠናል። በዚያ ምሽት ሁለት ታላላቅ የፍትሕ ጥያቄዎች፣ ማለት የሴቶች መብትና የዘር እኩልነት፣ በአንድ መድረክ ላይ ተገናኝተዋል፤ ተጋጭተውማል።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዘመኖች ለይተን ካላመለከትን በቀር በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

፩. መድረኩን ማን አቆመው?

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንደሚባለው፣ ስለ ውድድሩ ጥሩነትና መጥፎነት ከመከራከራችን በፊት አመጣጡን እንይ።

በአሜሪካ አገር በአትላንቲክ ሲቲ የሚጀመረው ታሪክ የ1921 ነው። ከተማይቱ በባሕር ዳር ያለች የመዝናኛ ከተማ ናት። የበጋው ዕረፍት በሴፕቴምበር መጀመሪያ ሲያልቅ እንግዶቹ ሻንጣቸውን ይዘው ወደየቤታቸው ስለሚሄዱ፣ የሆቴል ባለቤቶችና ነጋዴዎች ገበያቸው ይቀዘቅዝባቸው ነበር። እንግዳው ጥቂት ቀን እንዲቈይ ትርኢት አዘጋጁ፤ ከትርኢቱም ውስጥ የቈንጆዎች ውድድር ነበረበት። ያሸነፈችው የዋሽንግተን ከተማዋ ማርጋሬት ጎርማን ገና 16 ዓመቷ ነበር። «ሚስ አሜሪካ» የሚባለው ውድድር የተወለደው ከዚህ ነው።

ሁለተኛው ታሪክ የ1951 ነው። የእንግሊዝ መንግሥት ሕዝቡ ከጦርነቱ ድካም በኋላ መንፈሱ እንዲታደስ ታላቅ ብሔራዊ በዓል አድርጎ ነበር። በዚያን ጊዜ ሜካ የተባለ የዳንስ አዳራሾች ባለቤት የሆነ ኩባንያ ነበረ። የኩባንያው ሠራተኛ ኤሪክ ሞርሊ በዓሉን ምክንያት አድርጎ ሴቶች ቢኪኒ ለብሰው የሚወዳደሩበት ዝግጅት አቀረበ። ጋዜጦቹ «የዓለም ቈንጆ» አሉት፤ የስዊድኗ ኪኪ ሆካንሰን አሸነፈች። ቢኪኒ የሚለውም ስም የመጣው በ1946 አሜሪካኖች የአቶም ቦምብ ከሞከሩባት የፓሲፊክ ደሴት ነው። ዝግጅቱ ለአንድ ጊዜ ብቻ የታሰበ ነበር፤ ነገር ግን በአሜሪካ ሌላ ተፎካካሪ ሊቋቋም መሆኑ በተሰማ ጊዜ ሞርሊ በየዓመቱ እንዲደረግ ወሰነ።

ያ ተፎካካሪ «ሚስ ዩኒቨርስ» ሲሆን የተጀመረው በ1952 በካሊፎርኒያ ነው። ምክንያቱም የሚያስገርም ነው። የ1951 ሚስ አሜሪካ የነበረችው ዮላንድ ቤትቤዝ በዋና ልብስ ሆና እየዞረች ማስታወቂያ መሥራትን እምቢ አለች። በዚህ የተቈጣው ካታሊና የተባለ የዋና ልብስ ፋብሪካ ለሚስ አሜሪካ ይሰጥ የነበረውን ገንዘብ አቋርጦ የራሱን ውድድር ከፈተ። እንግዲህ አንዲት ሴት «አልለብስም» በማለቷ ፋብሪካው እምቢ የማትል ሌላ ሴት የሚፈልግበትን ዓለም አቀፍ ገበያ አቋቋመ ማለት ነው።

ከሦስቱ ታሪኮች አንድ ነገር እንማራለን። መድረኩን ያቆሙት የሆቴል ባለቤቶች፣ የዳንስ አዳራሽ ኩባንያና የዋና ልብስ ፋብሪካ ናቸው። የለንደኑን ውድድር ከ1959 ጀምሮ የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ስላስተላለፈው ማስታወቂያነቱ በየቤቱ ገባ። ከመድረኩ ላይ የቆሙት ሴቶች ግን ይህን ሚዛን አልሠሩትም፤ የሚመዘኑበትን ልክም አልወሰኑም።

፪. ወደ ሚዛኑ እንዳይወጡ የተከለከሉት

ሚዛኑ ሴትን ሁሉ የሚመዝን ቢሆን ኖሮ ክሱ አንድ ብቻ በሆነ ነበር። ነገር ግን ሚዛኑ ቀለም ይለይ ነበር። በ1930ዎቹ የወጣው የሚስ አሜሪካ ደንብ ተወዳዳሪዋ ከነጭ ዘር የተወለደች እንድትሆን ያዝዝ ነበር። ደንቡ ከቀረ በኋላም ቢሆን ልማዱ ስለ ቀጠለ፣ አንዲት ጥቁር ሴት በሚስ አሜሪካ መድረክ ላይ ክፍለ አገሯን ወክላ የቆመችው በ1970 ነው፤ እርሷም የአዮዋዋ ቼሪል ብራውን ናት።

በዚህ ምክንያት ሴፕቴምበር 7 ቀን 1968 በአትላንቲክ ሲቲ በአንድ ቀን ሁለት ተቃውሞ ተደረገ። በባሕሩ ዳር ባለው መንገድ ላይ የሴቶች ነፃነት ማኅበርተኞች ተሰልፈው ረጅም ተረከዝ ጫማ፣ የጡት መያዣና የውበት ዕቃ በአንድ በርሜል ውስጥ ጣሉ፤ በግም አምጥተው ዘውድ ደፉላት። ብዙ ሰው ልብሱ ተቃጠለ ብሎ ያምናል፤ ነገር ግን በዚያን ቀን የተቃጠለ ነገር አልነበረም። በዚያው ከተማ በሌላ ሆቴል ውስጥ ደግሞ ጥቁር አሜሪካውያን የራሳቸውን «ሚስ ብላክ አሜሪካ» ውድድር አድርገው ሶንድራ ዊልያምስን አነገሡ።

እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ብሎ እንዲያስብ እንለምናለን። አንደኞቹ «ሴትን አትመዝኑ» አሉ፤ ሁለተኞቹ «እኛንም መዝኑን፣ እኛም ቈንጆዎች ነን» አሉ። ሁለቱም የተቃወሙት አንድ መድረክ ሲሆን የጠየቁት ግን ተቃራኒ ይመስላል። የነጮቹ ሴቶች ጥያቄ ከመድረኩ መውረድ ነበረ፤ የጥቁሮቹ ጥያቄ መጀመሪያ መውጣት ነበረ። ያልተፈቀደልህን ቦታ ንቄ ተውሁት ልትል አትችልም፤ ለመናቅም መጀመሪያ መግባት ያስፈልጋልና።

፫. የለንደን ምሽት

አሁን ወደ ኖቬምበር 20 ቀን 1970፣ በእኛ ኅዳር 11 ቀን 1963 ዓ.ም.፣ እንምጣ። ቦታው የለንደን ሮያል አልበርት አዳራሽ ነው። 58 ተወዳዳሪዎች ቀርበዋል፤ በእንግሊዝ አገር ብቻ ከ20 ሚሊዮን በላይ ሰው በቴሌቪዥን ይመለከታል።

በዚያ ዓመት በደቡብ አፍሪካ ላይ የሚደረገው ተቃውሞ በእንግሊዝ አገር በርትቶ ስለ ነበር፣ አንዲት ነጭ ሴት ብቻዋን ያን አገር ወክላ መቅረቧ አዘጋጁን አስጨነቀው። መፍትሔ ብሎ ያመጣው ግን ከሕመሙ የባሰ ነው ማለት ይቻላል፤ ከአንድ አገር ሁለት ተወዳዳሪዎች አቀረበ። ነጭዋ ጂሊያን ጄሰፕ «ደቡብ አፍሪካ» የሚል ጥብጣብ አጠለቀች። በአፓርታይድ ሕግ «ከለርድ» ተብላ የተመዘገበችው የፋብሪካ ሠራተኛ ፐርል ያንሰን ደግሞ ቃሉ ተገልብጦ «አፍሪካ ደቡብ» የሚል ጥብጣብ ተሰጣት። የአፓርታይድ ሕግ በኬፕ ታውን ሰፈርንና ትምህርት ቤትን ለሁለት እንደ ከፈለ፣ በለንደንም የአገርን ስም ለሁለት ከፈለ።

የሴቶች ነፃነት ማኅበርተኞችም ተዘጋጅተው ነበር። በዚያው ዓመት መጀመሪያ በኦክስፎርድ ከተማ በራስኪን ኮሌጅ ተሰብስበው ስለ እኩል ደመወዝ፣ ስለ እኩል ትምህርት፣ ስለ ሕፃናት ማዋያና ስለ ወሊድ ነክ መብቶች ጥያቄያቸውን አውጥተዋል። ስለዚህ ወደ አዳራሹ የመጡት ቁንጅናን ስለ ጠሉ አልነበረም። በፋብሪካና በቢሮ ሴት ከወንድ ያነሰ ደመወዝ በምታገኝበት አገር፣ በዓመት አንድ ጊዜ ሴት በሙሉ ክብር ወደ አደባባይ የምትወጣው ጭኗ እየተለካ መሆኑን ስላልታገሡ ነው። ከፊሎቹ ውጭ ሲሰለፉ ከፊሎቹ ቲኬት ገዝተው፣ እንደ እንግዳ ለብሰው ከተመልካቾቹ መካከል ተቀመጡ።

የምሽቱ ዋና እንግዳ ታዋቂው አሜሪካዊ ቀልደኛ ቦብ ሆፕ ነበር። እርሱም አዳራሹን የከብት ገበያ ብሎ ጠርቶ እንደ ላም እምቧ በማለት ቀለደ። ውጭ የተሰለፉት ሴቶች ለወቀሳ የተናገሩትን ቃል እርሱ ለሣቅ ተጠቀመበት። ወዲያው ከተመልካቾቹ አንዲት ሴት በእግር ኳስ ሜዳ የሚንጫጫውን የእንጨት መሣሪያ አሽከረከረች፤ ምልክቱ ይህ ነበር። ከየአቅጣጫው የዱቄት ከረጢት፣ ጭስና ወረቀት ይወረወር ጀመር። ቦብ ሆፕ መድረኩን ትቶ ሸሸ። ፖሊሶች ሴቶቹን እየጐተቱ አወጡ፤ ከተያዙትም በ1971 ፍርድ ቤት የቀረቡ አሉ።

ዱቄቱ ከተጠረገ በኋላ ውድድሩ ቀጠለ። ከስዊድን የመጣችው ታሸንፋለች ተብላ ስትጠበቅ አራተኛ ሆነች። ነጭዋ ደቡብ አፍሪካዊት አምስተኛ ወጣች። «አፍሪካ ደቡብ» የተባለችው ፐርል ያንሰን ሁለተኛ ሆነች። ዘውዱን የደፋችው ግን ከካሪቢያን ባሕር ትንሿ ደሴት ከግሬናዳ የመጣችው የ23 ዓመቷ የአውሮፕላን አስተናጋጅ ጄኒፈር ሆስተን ናት። በብዙ ሰዎች ዘንድ የመጀመሪያዋ ጥቁር የዓለም ቈንጆ ትባላለች።

ወዲያው ጩኸት ተነሣ። ከዳኞቹ አንዱ የግሬናዳ መንግሥት መሪ ኤሪክ ጌሪ ስለ ነበሩ «ፍርዱ ተጣመመ» የሚሉ ሰዎች ወደ ቴሌቪዥን ጣቢያው ደወሉ፤ አዘጋጁም የዳኞቹን ነጥብ አውጥቶ ለማስረዳት ተገደደ። የአንድ አገር መሪ በአገሩ ልጅ ላይ ዳኛ ሆኖ መቀመጡ በእርግጥ ተገቢ አይደለም፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን ለ19 ዓመታት አብዛኛውን ጊዜ አውሮፓውያን ሲያሸንፉ ሚዛኑን ይመርመር ያለ እምብዛም አልነበረም። ጥቁር ሴት አንደኛና ሁለተኛ ስትሆን ግን ሚዛኑ ተጠረጠረ።

፬. ሁለቱ ክሶች በሚዛን

እንግዲህ ማን ልክ ነበር? ዱቄት የወረወሩት ናቸው ወይስ ዘውድ የደፋችው?

የተቃዋሚዎቹን ክስ እንመልከት። ሴት በደረትና በዳሌ ልክ በቁጥር ስትነገር ሰውነቷ እንደ ዕቃ ይቈጠራል። ይህም በአዳራሹ አይቀርም፤ ቤት ውስጥ ያለች ልጅም በመስታወት ፊት ራሷን በዚያው ልክ ትለካለች። ጥቅሙን የሚያገኘው ደግሞ ሌላ ነው። ቦብ ሆፕ የዓለም ቈንጆዎችን በገና በዓል ወደ ቬትናም ይዞ እየሄደ የአሜሪካን ወታደሮች ያዝናናባቸው ነበር፤ የ1966ቷን የሕንዷን ራይታ ፋሪያን፣ በ1970ም ሆስተንን ወስዷል። ቁንጅና ለንግድ ብቻ ሳይሆን ለጦርነትም ማጣፈጫ ሆነ ማለት ነው። ይህ ክስ እውነት ነው።

አሁን ደግሞ የሆስተንን ወገን እንስማ። በ1970 ግሬናዳ ገና ሙሉ ነፃነት አላገኘችም ነበር፤ ያገኘችው በ1974 ነው። ስሟን እንኳ የማያውቀው ዓለም በአንድ ሌሊት አወቃት። ጥቁር ቆዳና የአፍሪካ ፊት አስቀያሚ ነው እየተባሉ ላደጉ ሕፃናት ያ ምሽት ሌላ ትርጉም ነበረው። ሆስተንም ከዘውዱ ላይ አልቀረችም፤ በ1978 በካናዳ የአገሯ ከፍተኛ ኮሚሽነር ሆና ተሾመች፤ በኋላም በዩኒቨርሲቲ ትምህርቷን ገፍታለች። ራይታ ፋሪያም ከዓመቱ በኋላ የማስታወቂያ ሥራውን ትታ የሕክምና ትምህርቷን ጨርሳ ሐኪም ሆናለች። እነዚህ ሴቶች መድረኩን እንደ መሰላል ተጠቀሙበት። ሌላ መሰላል ከፊታቸው ያልቆመላቸውን ሰዎች «በዚህ ለምን ወጣችሁ?» ብሎ መውቀስ ቀላል ነው፤ የሚወቅሰው ሰው ግን ብዙውን ጊዜ በሌላ መሰላል አስቀድሞ የወጣ ነው። ይህም እውነት ነው።

የፐርል ያንሰን ነገር ደግሞ ሦስተኛ ትምህርት ይሰጣል። በለንደን ከነጭዋ የአገሯ ልጅ በላይ ብትቀመጥም፣ ወደ አገሯ ስትመለስ የተቀበላት ያው የአፓርታይድ ሕግ ነው። በአንድ ምሽት የተሰጠ ማዕረግ ሕግን አይለውጥም። ደቡብ አፍሪካ በሌሎች አገሮች ተቃውሞ የተነሣ በ1970ዎቹ መጨረሻ ከውድድሩ ወጥታ የተመለሰችው በ1991 ነው፤ አፓርታይድን የጣለው ግን የሕዝቡ የብዙ ዓመት ትግል ነው።

እነዚህን እውነቶች አንድ ላይ ስንይዛቸው ክርክሩ መልኩን ይለውጣል። የሚከሰሰው ሚዛኑን የሠራውና ከሚዛኑ የሚያተርፈው ነው፤ በሚዛኑ ላይ የቆመችው ተከሳሽ አይደለችም። ይህን አስቀድማ የጻፈችው ከተቃዋሚዎቹ አንዷ ናት። የአትላንቲክ ሲቲውን ሰልፍ ካሰቡት መካከል የሆነችው ካሮል ሃኒሽ፣ ሰልፉ በተደረገ በጥቂት ወራት ውስጥ የራሳቸውን ሥራ የሚተች ጽሑፍ አወጣች። በሰልፉ ላይ የተያዙት አንዳንድ ጽሑፎች ተወዳዳሪዎቹን ጠላት አስመስለው ማቅረባቸውን፣ ተጠያቂ መሆን የነበረባቸው ግን ያን የውበት ልክ በሴቶች ላይ የጫኑት ወንዶችና ባለ ድርጅቶች መሆናቸውን ገለጸች። አንድ ንቅናቄ በድሉ ማግሥት ራሱን እንዲህ መመርመሩ የሚያስመሰግን ነው። በለንደኑም ጉዳይ ዘመን ሲያልፍ ልብ ረጋ፤ በ2010 በቢ.ቢ.ሲ. ሬዲዮ ዝግጅት ላይ ሆስተንና በዚያ ምሽት የተቃወሟት ሴቶች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ተወያይተዋል። በ2020ም ታሪኩ ፊልም ሆኗል።

፭. በስድስት ኪሎ የሆነው

ይህ ሁሉ የውጭ አገር ወሬ ነው የሚል ቢኖር፣ ለንደን ከመድረሷ ሁለት ዓመት ከምናምን በፊት በእኛው ግቢ የሆነውን እናስታውሰው። በመጋቢት ወር 1960 ዓ.ም. (ይህ በእኛ አቈጣጠር ነው) በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በስድስት ኪሎ የፋሽን ትርኢት ተዘጋጅቶ ነበር። ጊዜው የአጭር ቀሚስ ዘመን ነው። ተማሪዎቹ «ሕዝቡ ተራቁቶ ሳለ የምዕራባውያን የልብስ ትርኢት በዩኒቨርሲቲ ምን ይሠራል? ይህ የባህል ወረራ ነው» ብለው ተቃወሙ። ወደ አዳራሹ በሚገቡት እንግዶች ላይ እንቁላልና ስድብ ወረደ። ፖሊስ ገባ፤ ተማሪዎች ታሰሩ፤ ዩኒቨርሲቲውም ለጊዜው ተዘጋ። በኢትዮጵያ የተማሪዎች ንቅናቄ ታሪክ ይህ ትልቅ ስፍራ ያለው ቀን ነው።

የዚያ ትውልድ ጥያቄ ከባድና እውነተኛ ነበር፤ በመጋቢቱ ተቃውሞ የታሰሩትም ላመኑበት ነገር ዋጋ ከፍለዋል። ይህን የምናከብረው ከልብ ነው። ነገር ግን ማክበር መመርመርን አይከለክልም። እንቁላሉ ያረፈው በማን ላይ ነው? ልብሱን በሚሸጠው ነጋዴ ላይ ነውን? ድህነቱን በፈጠረው ሥርዓት ላይ ነውን? ያረፈው ትርኢት ለማየት በመጣው እንግዳ፣ በተለይም ለብሳ በመጣችው ሴት ላይ ነው። አባቶቻችን «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው። አህያው የሚራገጥ ስለ ሆነ ዳውላው ይደበደባል። የሴት ቀሚስ ርዝመት ለመለካት የሚቀል ነገር ነው፤ የሴት ተማሪ ከመንደር እስከ ዩኒቨርሲቲ የምታልፍበትን መሰናክል መለካት ግን ይከብዳል። ቀላሉን ይዘን ከባዱን ስንተው፣ ሳናውቀው እኛም ሌላ ሚዛን ይዘን ሴትን መመዘናችን ነው። ልዩነቱ የኩባንያው ሚዛን ቀሚሷ እንዲያጥር መፈለጉ፣ የእኛው ደግሞ እንዲረዝም መፈለጉ ብቻ ነው።

፮. ከዚያ ወዲህ

ውድድሩ በትችት ብዛት መልኩን ለውጧል። ከ1972 ጀምሮ የበጎ አድራጎት ክፍል ተጨመረበት፤ በ2014ም የዋና ልብስ ውድድሩ እንዲቀር ተወሰነ። ዱቄት የወረወሩት ሴቶች የጠየቁት ከፊሉ ከ44 ዓመት በኋላ በአዘጋጆቹ እጅ ተፈጸመ ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ ችግሩ አላለቀም። በ2001 የናይጄሪያዋ አግባኒ ዳሬጎ ስታሸንፍ አገሯ የ2002ቱን ውድድር እንድታዘጋጅ ተወሰነ። በዚያን ጊዜ አሚና ላዋል የተባለች ናይጄሪያዊት በድንጋይ ተወግራ እንድትሞት ተፈርዶባት ስለ ነበር፣ ከተወዳዳሪዎቹ አንዳንዶቹ «እዚያ አገር አንወዳደርም» አሉ። ኋላም በአንድ ጋዜጣ የወጣ ጽሑፍ የሃይማኖት ቁጣ አስነሥቶ በካዱና ከተማ ከ200 በላይ ሰዎች አለቁ፤ ውድድሩም ወደ ለንደን ተዛወረ። ላዋል በ2003 በይግባኝ ነፃ ወጣች። እዚህ ላይ ልብ እንበል፤ ለአንዲት ሴት ሕይወት ድምፃቸውን ካሰሙት መካከል እነዚያ «አሻንጉሊቶች» ተብለው የተናቁት ተወዳዳሪዎች ነበሩ።

በ2025ም በሃይደራባድ የእንግሊዟ ተወዳዳሪ ሚላ ማጊ ውድድሩን አቋርጣ ሄደች። ወደ አገሯ ተመልሳ ለጋዜጣ ስትናገር ሀብታም ደጋፊዎችን እንድናስደስት ተደርገናል ብላ ከሰሰች፤ አዘጋጆቹ ግን ክሱን አስተባብለዋል። ፍርዱን ለሌላ ብንተወውም፣ የክሱ ዓይነት የዮላንድ ቤትቤዝን እምቢታ ያስታውሰናል። የኛይቱ ሐሴት ሁለተኛ የወጣችው በዚሁ ውድድር ነው። በድሏ መደሰትና ስለ መድረኩ ባለቤት መጠየቅ አብረው የሚሄዱ ነገሮች ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አይሽረውም።

፯. ማጠቃለያ

ከዚህ ጥናት ለራሳችን ሦስት መጠየቂያ እናውጣ። እንዲህ ያለ መድረክ ሲገጥመን፣ የቁንጅና ይሁን የሌላ፣ አንደኛ ያቆመው ማን ነው፣ የሚያተርፍበትስ ማን ነው ብለን እንጠይቅ። ሁለተኛ ከመድረኩ የተከለከለ አለ ወይ፣ በምንስ ምክንያት ብለን እንጠይቅ። ሦስተኛ በመድረኩ ላይ ለቆመው ሰው ሌላ መሰላል ነበረው ወይ ብለን እንጠይቅ። ሦስተኛውን ጥያቄ ሳይመልስ ድንጋይም ሆነ እንቁላል የሚያነሣ ሰው ዳውላውን መቺ ነው።

የእኛም ተግባር ከዚሁ ይመነጫል። ሴት ልጅ በመልኳ ብቻ እንዳትመዘን የሚፈልግ ሁሉ፣ በዕውቀቷና በሥራዋ የምትመዘንበትን በር መክፈት ይገባዋል። በክፍላችን ሴት ተማሪ ስትናገር የምናዳምጠው ቃሏን ነው ወይስ መልኳን? በማኅበራችን ምርጫ የምንጠቁማት ለጸሐፊነት ብቻ ነው ወይስ ለሊቀ መንበርነትም? ሃይደራባድና ለንደን ሩቅ ናቸው፤ እነዚህ ግን ነገ ጠዋት በእጃችን ያሉ ጉዳዮች ናቸው።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. የ1921፣ የ1951ና የ1952 ውድድሮች በአመሠራረታቸው የሚመሳሰሉት በምንድን ነው?

2. በ1968 በአትላንቲክ ሲቲ የተደረጉት ሁለት ተቃውሞዎች እርስ በርሳቸው ይቃረናሉን? ምክንያታችሁን ስጡ።

3. አዘጋጁ በ1970 ከደቡብ አፍሪካ ሁለት ተወዳዳሪዎች ማቅረቡ አፓርታይድን ተቃወመ ያሰኘዋል ወይስ አገለገለ?

4. በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በስድስት ኪሎ የነበራችሁ ተማሪዎች ብትሆኑ ተቃውሞአችሁን በማን ላይና በምን መንገድ ታደርጉት ነበር?